የአያቴን ጎራዴ እንዴት ከዝገት አወጣሁት

አያቴ አርበኛ ነበሩ። ጎራዴያቸው ከእናቴ ወደ እኔ ሲመጣ፣ ልደታ ኮንዶሚኒየም ቁም ሣጥን ጀርባ አፎቱ ውስጥ እንደተሻጠ ዓመታት አለፉት። ያዛገው ራሱ አፎቱ ነው። ሰው አፎት ብረቱን የሚጠብቅ ይመስለዋል። ቆዳ ግን እርጥበት ይይዛል፣ ሲለፋ የጠጣው ጨውና አሲድም ብረቱን ቀስ እያለ ይበላል። ስለዚህ መጀመሪያ ሁለቱን ለያየኋቸው።

አጎቴ "በአመድና በሎሚ ፈትጊው፣ እንደ መስታወት ያበራል" አሉኝ። ፒያሳ ያነጋገርኳቸው ባለሙያም "በማሽን ላብራልሽ፣ ልጄ" አሉ። ሁለቱንም እምቢ አልኩ። ብረቱ ላይ "ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ" የሚል ጽሑፍ አለ። በአፄዎቹ ዘመን ብዙ የጎራዴ ብረት አውሮፓ ተሠርቶ፣ ጽሑፉም እዚያው በአሲድ ተቀርጾበት ይመጣ ነበር። ቅርጹ በጣም ስስ ነው። ሎሚ አሲድ ነው፣ አመድ ደግሞ ይፍቃል። አንዴ ከተፋቀ አይመለስም። "ጋሼ፣ ጽሑፉ ከጠፋ እኮ ከገበያ ቢላ በምን ይለያል?" አልኳቸው አጎቴን። ዝም አሉ።

ዋናው ነገር ቀዩን ዝገት ከጥቁሩ መለየት ነው። ቀዩ ካልተነሣ መብላቱን ይቀጥላል። ጥቁሩ ግን በዕድሜ የመጣ ሽፋን ነው፤ እንዲያውም ብረቱን ይከላከልለታል። እሱን አልነካሁትም። ቀዩ ላይ የስፌት መኪና ዘይት ቀብቼ አሳደርኩት። ጠዋት በድሮዋ ቢጫ አሥር ሳንቲም ጠርዝ ቀስ አድርጌ ፋቅኩት። ናስ ከብረት ስለሚለሰልስ ዝገቱን ያነሣል እንጂ ብረቱን አይጭርም። እልህ የያዘውን ደግሜ ዘይት አጠጣሁት። ጽሑፉ አካባቢ ከጨርቅ በስተቀር ምንም አላስጠጋሁም። እጃችሁን ለማትረፍ ሁልጊዜ ከጀርባው ወደ ስለቱ ሳይሆን በቁመቱ ጥረጉ።

እጀታው ቀንድ ነው። ቀንድ እንደ ጥፍራችን ያለ ነገር ስለሆነ ውኃ አይወድም፣ ነፍሳትም ይበሉታል። በደረቅ ብሩሽ አቧራውን አራግፌ፣ ቀዳዳ መኖር አለመኖሩን በባትሪ አየሁ። በቃ።

ለግድግዳው ከመስኮት ፊት ለፊት ያልሆነ ቦታ መረጥኩ፤ ፀሐይ ቆዳውን ታደርቀዋለች። ብረቱና አፎቱ ጎን ለጎን፣ ለየብቻ ተሰቅለዋል። አናጢው መስቀያውን በሱፍ ጨርቅ ሊያለብስ ሲል ነጭ ጥጥ አስደረግኩት። ሱፍ ውስጥ ድኝ አለ፣ የአፎቱን የብር ጌጥ ያጠቁረዋል።

ሐምሌና ነሐሴ ላይ በየሳምንቱ አየዋለሁ። የእጅ ላብ ጨው ስላለው በጓንት ነው የማወርደው። ቀይ ነጥብ ካየሁ ያኔውኑ ዘይት፣ ከዚያ ንጹሕ ጨርቅ። እንግዳ "ልንካው?" ሲለኝም መጀመሪያ የማቀብለው ጓንቱን ነው።