ከላይኛው ፎቅ እምቢ ያለው ፎልደር

ሂሳብ ክፍል ወደ ላይኛው ፎቅ በተዛወረ ማግስት ስልኬ ጠራ። «ልጄ፣ የደመወዙ ፎልደር የለም! ወሩ ሊያልቅ ነው እኮ» አሉኝ ኃላፊዋ። ፎልደሩ አልጠፋም። ታች በቀረ ኮምፒውተር ላይ ነው፤ እዚያው ካሉት ማሽኖች ሁሉ ይከፈታል። ከላይ ግን ወይ ፍንክች።

በዝውውሩ የተለወጠው ኔትዎርኩ ነው። ታች ያሉት ማሽኖች አድራሻ በ192.168.1 ይጀምራል፤ የላይኞቹ በ192.168.2። በመካከላቸው ሁለቱን ኔትዎርኮች የሚያገናኝ ራውተር የሚባል መሣሪያ አለ። ዊንዶውስ «ኔትዎርክ» የሚለው መስኮት ላይ ኮምፒውተሮችን የሚደረድረው በሰፈሩ (በራሱ ኔትዎርክ) ውስጥ ጮክ ብሎ እየተጣራ ነው። ያ ጥሪ ራውተር አይሻገርም። ስለዚህ የኮምፒውተሩ ስም አለመታየቱ አላስጨነቀኝም። በአይፒ (በቁጥር) አድራሻው ስሞክርም እምቢ ሲል ግን ነገሩ ሌላ ሆነ።

ፒንግ አደረግሁ፤ ማለትም «አለህ ወይ?» የሚል አጭር መልእክት ላክሁበት። መልስ የለም። ባልደረባዬ «በቃ፣ ራውተሩ ነው» አለ። ከኮምፒውተሩ ጎን ያለውን ፕሪንተር ፒንግ ሳደርግ ወዲያው መለሰ። ፕሪንተሩም ያለው እዚያው 192.168.1 ላይ ነው። መንገዱ ይሠራል ማለት ነው። ዝም ያለው ማሽኑ ራሱ ነው።

«ፋየርዎሉን አጥፍተን እንገላገል» ሲለኝ፣ ወደ ማሽኑ የሚገባውን ግንኙነት የሚያጣራውን መከላከያ ማለቱ ነው፣ አልተስማማሁም። ይህ ልማድ ከልብ ያሳስበኛል። ፋይል ሼሪንግ (ፎልደርን በኔትዎርክ ማጋራት) የሚሠራው በፖርት 445፣ ማለትም በዚህ ቁጥር በሚታወቅ የግንኙነት በር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ዋናክራይ የተባለው ጎጂ ፕሮግራም ከኮምፒውተር ኮምፒውተር የተዛመተው በዚሁ ፖርት ነው። የሠራተኛ ሁሉ ደመወዝ ያለበትን ማሽን እንዴት ያለ መከላከያ እንተወዋለን?

ፋየርዎሉን ከፍተን «ፋይል ኤንድ ፕሪንተር ሼሪንግ» የሚሉትን ደንቦች አየን። «ስኮፕ» የሚለው ገጽ ላይ የተፈቀደው «ሎካል ሰብኔት»፣ ማለትም ማሽኑ ራሱ ያለበት ኔትዎርክ፣ ብቻ ነው። ዊንዶውስ ለፕራይቬት ኔትዎርክ ሲጫን ጀምሮ እንዲህ ያደርገዋል። የፒንጉም ደንብ እንደዚያው ነው። 445ን በሚፈቅደው ደንብ ላይ 192.168.2.0/24ን (በ192.168.2 የሚጀምሩትን የላይኛውን ፎቅ አድራሻዎች ሁሉ) ጨመርን፤ ሌላ ምንም አልነካንም።

ላይ ወጥቼ አይፒውን ጻፍኩ። ፎልደሩ ተከፈተ። ኃላፊዋ ወንበራቸውን ስበው ወዲያው ሥራ ጀመሩ። እኛ የኮምፒውተሩን ስም፣ ስምን ወደ አይፒ አድራሻ የሚተረጉመው ዲኤንኤስ ላይ አስገባን፤ አይፒው እንዳይቀያየርም ራውተሩ ላይ ቋሚ አደረግነው። ፒንግ ከላይ አሁንም አይመልስም። ለፋይሉ ስለማያስፈልግ ተውነው። ነገ ሌላ ባለሙያ ቢመጣ ማሽኑ የጠፋ እንዳይመስለው ግን የኔትዎርኩ ማስታወሻ ላይ ጻፍንለት።