ሁለት ሺህ ሳይሞላ

የእህቴ ልጅ የቤት ሥራ ይዛ መጣች። "63 × 48ን ወደ ቅርቡ አስር አጠጋግተሽ ገምቺ" ይላል። "አጎቴ፣ ትክክሉን ማባዛት እየቻልኩ ለምን እገምታለሁ?" አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ደብተር ላይ ግምት ጣዕም የለውም።

የድሬ ፀሐይ በረድ ሲልላት ይዣት ቀፊራ ገበያ ወጣሁ። አንዱ ደንበኛ 38 ኪሎ ቲማቲም በ47 ብር ሂሳብ አስመዘነ። ስልኩን ከኪሱ እስኪያወጣ ሻጯ እናት "ሁለት ሺህ ሳይሞላ ነው" አሉት። ስልኩ 1786 አለ።

ልጅቷ አፏን ከፈተች። ሴትዮዋ 38ቱን 40፣ 47ቱን 50 አድርገውት ነው። እኔን የገረመኝ ግን "ሳይሞላ" ማለታቸው ነው። ሁለቱም ቁጥሮች ወደ ላይ ከተጠጋጉ ግምቱ ከእውነቱ ይበልጣላ!

የቤት ሥራው ላይ ግን 63 ወደ 60 ይወርዳል፣ 48 ወደ 50 ይወጣል። 3000 መጣ። ትክክሉ 3024 ነው። አንዱ ሲወርድ ሌላው ሲወጣ ስህተቱ በአብዛኛው ይጣፋል። ደግሞ ዜሮዋን ረስታ 324 ብትጽፍ ግምቷ ወዲያው ያጋልጣታል።

የማይመቸኝ "5 ሁልጊዜ ወደ ላይ" የሚለው ሕግ ነው። 35 × 45ን 40 × 50 ብትሉት 2000 ይሆናል፤ እውነቱ 1575 ነው። ለቲማቲም ገዢ ይህ ትንሽ ልዩነት አይደለም። አንዱን ብቻ ከፍ አድርጋችሁ 40 × 40 ብትሉ 1600 ላይ ታርፋላችሁ። ይህንን ስነግራት "ቲቸር ግን ኤክስ ታደርግብኛለች" አለችኝ።