ነሐሴ ላይ ብቻ የሚከፈት ቤት

ጄኔቭ የኖረ ሰው ፖርቱጋላዊ የሥራ ባልደረባ አያጣም። እኔም በምሠራበት ሆቴል ወጥ ቤት አንዲት አለችኝ። ነሐሴ ሲገባ መኪናዋን እስከ ጣሪያው ጭና ወደ አገሯ ትነዳለች። አምና «ተራራችንን ሳታዪ አትቀሪም» ብላ ይዛኝ ሄደች።

ወላጆቿ የሚኖሩት ኮቪልያ ነው፤ ከሴራ ዳ ኢሽትሬላ ተራራ ወገብ ላይ የተለጠፈች የሱፍ ፋብሪካዎች ከተማ። በ1487 እ.ኤ.አ. ከፖርቱጋል ተልኮ በአፄ እስክንድር ዘመን ኢትዮጵያ የገባው ፔሮ ዳ ኮቪልያ የዚህችው ከተማ ልጅ ነው። መሬት ተሰጠው፣ ሚስት አገባ፣ ልጆች ወለደ። ወደ አገሩ መመለስ ግን ተከለከለ። በ1520 እ.ኤ.አ. የፖርቱጋል መልእክተኞች ሲመጡ እዚያው አገኙት፤ እኛው አገርም ሞተ። እኛ የመኖሪያ ፈቃድ እንለምናለን፣ እሱ ደግሞ የመውጫ ፈቃድ አጥቶ ቀረ።

ጠዋት ወደ ላይ ወጣን። ጓደኛዬ ትነዳለች፣ አባቷ ከጎኗ፣ እኔ ከኋላ። አስፋልቱ ጥሩ ነው፤ ኩርባው ግን አያልቅም። ጫፉ ቶሬ ይባላል፣ 1,993 ሜትር። ንጉሥ ዦዋው 6ኛ «2,000 ይሙላ» ብለው የሰባት ሜትር ግንብ አስቆሙበት ይባላል። ራስ ዳሸን ካለበት አገር ለመጣ ሰው ትንሽ ያስቃል፤ እንግዳ ስለሆንኩ ዝም አልኩ።

እዚያው ሱቅ ውስጥ የተራራውን አይብ ይሸጣሉ። የበግ ወተት ነው፤ የሚያረጉትም በአንድ እሾሃም ተክል አበባ ነው። አባትየው ከኪሳቸው ቢላ አውጥተው የአይቡን አናት ዙሪያውን ቆርጠው እንደ ክዳን አነሱት። ውስጡ ሊፈስ ምንም አልቀረው። በማንኪያ እየዛቁ ዳቦ ላይ ያደርጉታል። ምን ያደርጋል፣ ፍልሰታ ነበር! ዳቦዬን በወይራ ፍሬ በላሁ።

ከዚያ በሎሪጋ አድርገን ፒዮዳው ወደምትባል መንደር ወረድን። ገደሉ ሁሉ በድንጋይ ካብ የተሠራ እርከን ነው፤ ኮንሶን ያየ ሰው ይገባዋል። የሚታረሰው ግን ጥቂቱ ነው፣ ሌላውን ቁጥቋጦ ወርሶታል። ዝቅ ስንል ባሕር ዛፍ መጣ። ሽታው እንጦጦ ነው። እዚህ ለወረቀት ፋብሪካ ይተክሉታል፤ እሳት ሲነሳ ግን አያድርስ ነው። በጥቅምት 2017 እ.ኤ.አ. ይህን አካባቢ ሰደድ እሳት በልቶታል። ወጣቱ ከሄደ ጫካውን ማን ይመንጥር?

ፒዮዳው ፎቶ ላይ እንደምታዩት ነው። ቤቱ ጥቁር ጠፍጣፋ ድንጋይ፣ በርና መስኮቱ ሰማያዊ፣ ቤተ ክርስቲያኗ ነጭ። ቱሪስት ሞልቷታል። እኔን የያዙኝ ግን በመንገድ ያለፍናቸው ስም የለሽ የሚመስሉ መንደሮች ናቸው። ሁለት ፎቅ ቤት፣ ዝግ። ቀጥሎ ሌላ፣ ዝግ። የተከፈተ ቤት ደጃፍ ላይ የቆመችው መኪና ደግሞ ታርጋዋ የፈረንሳይ ወይም የስዊዘርላንድ ነው።

አባትየው በፈረንሳይኛ አጫወቱኝ። በፖርቱጋሉ አምባገነን በሳላዛር ዘመን፣ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ.፣ ያለ ፓስፖርት በስፔን በኩል ፈረንሳይ የገቡ ናቸው። ደላላው ግማሽ ክፍያ ይቀበላል። ተጓዡ ፎቶውን ለሁለት ይቀድና አንዱን ቁራጭ ለቤተሰቡ ይተዋል፣ ሌላውን ይይዛል። በሰላም ሲደርስ የያዘውን ይልካል፤ ቤተሰቡ ሁለቱን ገጥሞ ልክ ከሆነ ቀሪውን ይከፍላል። «እኛም እንደዚሁ ነን፤ ልዩነቱ ዛሬ ስልክ መኖሩ ነው» አልኳቸው። በሊቢያ በኩል የመጡ ዘመዶች ስላሉኝ ነገሩ አዲስ አልሆነብኝም።

በመጨረሻ የተወለዱበት መንደር ደረስንና ቁልፍ አወጡ። በፈረንሳይ ደመወዝ የተሠራ ቤት ነው። ሶፋው አንሶላ ለብሷል፣ ብፌው ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች የፋብሪካ ወረቀታቸው አልተላጠም። ጓደኛዬ «ልሽጠው ብል የሚገዛኝ የለም፣ ልጆቼ ደግሞ ኢንተርኔት የለም ብለው አያድሩም» አለች። እሳቸው መስማታቸውን እንጃ፤ መስኮት ሲከፍቱ ነበር።

«አንቺስ ልጄ፣ አገርሽ ቤት ሠርተሻል?» አሉኝ።

እየሠራሁ ነው። ወንድሜ ሦስተኛ ፎቅ እንጨምር እያለ በየወሩ ይደውላል። ያን ማታ ደወልኩለትና «አንደኛው ይበቃል፣ ጣሪያውን ክደነው» አልኩት። «ሰው ምን ይለናል?» አለኝ። እስካሁን እንደተኳረፍን ነን።