ሱፐርቻርጀር ወይስ ቱርቦ? ሁለት ሚኒ ኩፐር ኤስ በጣርማበር ዳገት

ስለ ሚኒ ኩፐር ኤስ፣ ስለዚያች ትንሽ ፈጣን መኪና፣ የሚጻፈው ነገር አብዛኛው የመጣው ባሕር ጠለል አጠገብ ከሚነዱ ሰዎች ነው። ክርክሩም ሞተሩ ውስጥ ተጨማሪ አየር በሚገፉት በሁለቱ መሣሪያዎች፣ በሱፐርቻርጀርና በቱርቦ፣ ላይ ነው። የለንደን ሰው የድሮው ባለ ሱፐርቻርጀር ይሻላል ይላል፤ የአምስተርዳሙ ደግሞ ቱርቦው ነዳጅ ይቆጥባል ይላል። ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። እኔ ግን የምኖረው ደብረ ብርሃን፣ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። እዚህ ሞተር የሚተነፍሰው አየር ስስ ነው። መኪና ልገዛ ስነሳ ማወቅ የፈለግኩት አንድ ነገር ነበር፤ ያ ሁሉ ክርክር እኛ ደጋ ላይ ይሠራል ወይ?

ዕድል ቀናኝና ሁለቱም እጄ ገቡ። የአክስቴ ልጅ እ.ኤ.አ. የ2005 ሥሪት አለው፣ ባለ ሱፐርቻርጀሩን፣ አፍቃሪዎቹ አር 53 የሚሉትን። እኔ ለመግዛት የተነጋገርኩት ደግሞ የ2008 ሥሪት ነው፣ ባለ ቱርቦው አር 56። ባለቤቱ ቀብድ ተቀብሎ እንድሞክረው ፈቀደልኝ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ስለተከለከለ፣ እንዲህ ያለ መኪና የሚገኘው ቀድሞ ከገባው ውስጥ ብቻ ነው። አማርጬ እገዛለሁ ብሎ ነገር የለም።

በወረቀት ሲታዩ መንትዮች ናቸው ማለት ይቻላል። ሁለቱም 1.6 ሊትር፣ ሁለቱም ባለ ስድስት ማርሽ። የድሮው ሞተር ከክራይስለር ጋር በጋራ ብራዚል ውስጥ የተመረተ ነው፤ ከ2004 (እ.ኤ.አ.) ማሻሻያ በኋላ 170 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። አዲሱ ከፔጆና ሲትሮን ጋር በጋራ የተነደፈ ሲሆን 175 ይሰጣል። የአምስት ፈረስ ልዩነት ለማንም ወሬ አይሆንም።

ልዩነቱ አየር አገፋፉ ላይ ነው። ሱፐርቻርጀሩን በቺንጊያ ከሞተሩ ጋር የታሰረ ወናፍ በሉት። ሞተሩ በዞረ ቁጥር ይዞራል፣ በዞረ ቁጥር የተወሰነ መጠን አየር ይገፋል። አየሩ ወፍራም ይሁን ስስ ግድ የለውም። ቱርቦ ግን የሚዞረው በጭስ ማውጫው በሚወጣው ትኩስ ጋዝ ነው። የሞተሩ ኮምፒውተር የሚፈልገው ግፊት እስኪሞላ ድረስ ትርፍ ጋዝ የሚያሳልፈውን በር፣ ዌስትጌቱን፣ ዘግቶ ቱርቦውን የበለጠ ያስሮጠዋል። አየሩ ሲሳሳ ይበልጥ መሮጥ ይችላል፤ ሱፐርቻርጀሩ አይችልም።

አሞካከሬ ቀላል ነበር። ከአንድ ማደያ ቤንዚን፣ ተመሳሳይ የጎማ ንፋስ፣ ከኋላ ማንም ሳይቀመጥ፣ ሁለቱንም እኔው እየነዳሁ። መንገዱ ሰላም በሆነበት ሰሞን ነው፤ ያ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። መሪው ሥር ያለው ሶኬት ላይ የሞተሩን ኮምፒውተር መረጃ የሚያሳይ ትንሽ ኦቢዲ ማንበቢያ ሰክቼ የሞተሩን የአየር ግፊት በስልኬ አየሁ። ለዚህ ሥራ በሰዓት ከመለካት ይልቅ ማንበቢያው በብዙ እጥፍ ይጠቅማል። ዳገት ላይ አንድ አይሱዙ ፊታችሁ ከገባ ሰዓቱ ዋጋ የለውም፣ ግፊቱ ግን አይዋሽም።

ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉን ብቻ ስትከፍቱ ማንበቢያው የአካባቢውን የአየር ግፊት ያሳያል። ባሕር ጠለል ላይ 101 ኪሎፓስካል ነው። ደብረ ብርሃን ላይ 72 አካባቢ ነው። ሸዋ ሮቢት፣ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ፣ ወደ 88 ይወጣል። ይህን ይዛችሁ አስሉት። ሱፐርቻርጀሩ ባሕር ጠለል ላይ አየሩን 1.8 ጊዜ ያህል አጥፎ ወደ 180 ያደርሰዋል። ያው እጥፋት እኛ ጋ 72ን ወደ 130 ነው የሚያመጣው። 170 ፈረስ የተባለው መኪና ደብረ ብርሃን ላይ በግምት የ120 ፈረስ መኪና ሆነ ማለት ነው። ቱርቦው ግን መካከለኛ ዙር ላይ ባሕር ጠለል ላይ ወደሚያገኘው ግፊት ይጠጋል። ዙሩ በጣም ሲጨምር እሱም ይደክመዋል፣ አቅሙ ያልቃል። ቢሆንም የወረቀቱ አምስት ፈረስ እዚህ ትልቅ ገደል ሆኗል።

ይህን በደንብ የሚያሳየው ከሸዋ ሮቢት ወደ ጣርማበር የሚወጣው መንገድ ነው። በአንድ ጉዞ ውስጥ ከቆላ ተነስታችሁ ከ3,000 ሜትር በላይ ትደርሳላችሁ። ባለ ሱፐርቻርጀሩ ሸዋ ሮቢት ላይ ሸጋ ነው። ነዳጅ ስትረግጡ በዚያው ቅጽበት ይሄዳል፣ ያ የታወቀ ቀጭን ፉጨቱም ይሰማል። አርማንያን አልፋችሁ ወደ ደብረ ሲና ስትጠጉ ፉጨቱ እንዳለ ነው፣ ጉልበቱ ግን በየኩርባው እየሟሸሸ ይሄዳል። ሦስተኛ ማርሽ ይበቃ የነበረበት ቦታ ላይ ሁለተኛ ትፈልጋላችሁ። አንድ የሚያስመሰግነው ነገር ግን አለ፤ አይዋሽም። የረገጣችሁትን ያህል ይሰጣል፣ ወዲያው። ጉም በወረደበት ኩርባ ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ቱርቦው በተቃራኒው ነው። ከጠባብ ኩርባ ወጥታችሁ ስትረግጡ መጀመሪያ ዝም ይላል። ባሕር ጠለል ላይ በደቂቃ ከ1,600 ዙር ጀምሮ ሙሉ ጉልበቱን ይሰጣል የሚባለው እዚህ አይሠራም። አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦው ፍጥነት እስኪይዝ ይዘገያል። ከዚያ ድንገት ይመጣል። ዙሩን ከ2,500 በላይ ይዛችሁ ከገባችሁ መዘግየቱ ይጠፋል። ይህን ከለመድኩ በኋላ ከደብረ ሲና በላይ እያቃሰተ የሚወጣ ከባድ መኪና ሳገኝ ቀጥ ባለው ቦታ ላይ በአጭሩ አልፌው እሄድ ነበር። በሌላኛው ግን ትቼው ቆሎዬን እየቆረጠምኩ ከኋላው እከተላለሁ። የደብረ ሲና ቆሎ ስላለ ብዙም አይከፋም። ጣሊያን የቆፈረው ዋሻ ውስጥ መስኮት ከፍታችሁ የሱፐርቻርጀሩን ድምፅ ስሙ፤ ለዚያ ብቻ መኪናውን የሚገዛ ሰው ይገባኛል።

ቤንዚንን በተመለከተ ያልጠበቅኩት ነገር አገኘሁ። እዚህ ማደያ ላይ የቤንዚን ምርጫ የለም፣ የመጣው ይቀዳል። እነዚህ ሞተሮች ደግሞ ጥሩ ቤንዚን ይወዳሉ። ነገር ግን ሱፐርቻርጀሩ ከፍታ ላይ ግፊቱ ስለሚወርድና የመጨመቂያ መጠኑም ዝቅተኛ፣ 8.3 ለ 1፣ ስለሆነ ቤንዚኑ ያለ ጊዜው ተቀጣጥሎ ሞተሩ አይንኳኳም። ቱርቦው 10.5 ለ 1 ነው፣ ግፊቱንም አይለቅም። በሙቀት ጊዜ ቆላ ላይ አላስጨንቀውም። በፍጆታ ግን ቱርቦው በግልጽ ያሸንፋል። ፋብሪካው ራሱ ለአዲሱ በ100 ኪሎ ሜትር 7 ሊትር ገደማ ሲል ለድሮው ከ8 በላይ ይላል።

ጥገናው ላይ ሚዛኑ ይገለበጣል። ደብረ ብርሃን ያለ አንድ አዛውንት መካኒክ ዘንድ ሁለቱንም ወሰድኳቸው። የቱርቦውን ኮፈን ከፍተው ዘይቱን ካዩ በኋላ፣ «ልጄ፣ ይሄ ሞተር ዘይት ከጎደለበት ካቴናውን ይበላብሃል» አሉኝ። እውነት ነው፤ የዚህ ትውልድ የመጀመሪያ ሞተር የታይሚንግ ካቴናው፣ ማለትም የቫልቮቹን መከፈትና መዘጋት ከሞተሩ ዙር ጋር የሚያስማማው ሰንሰለት፣ መወጠሪያ ደካማ በመሆኑ ይታወቃል። ምልክቱም ጠዋት በቅዝቃዜ ሲነሳ የሚያሰማው የመንኮሻኮሽ ድምፅ ነው። የደብረ ብርሃን ውርጭ ለዚህ ምርመራ የተመቸ ነው። ስለዚህ ሻጩን ሞተሩን ሳያሞቅ እንዲጠብቀኝ ለምኜ ገና ሳይነጋ ሄድኩ። አልጮኸም። ካቴናው ዝም ካለ በኋላ የቀረው የከፍተኛ ግፊት የነዳጅ ፓምፑና ቫልቮቹ ላይ የሚጋገረው ጥላሸት ነው። ነዳጁ በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ ስለሚረጭ ቫልቮቹን የሚያጥብላቸው የለም።

የድሮው እንዲህ ያለ ጣጣው ትንሽ ነው። ሱፐርቻርጀሩ ውስጥ ያለውን የራሱን ዘይት አለመርሳት ነው። የውሃ ፓምፑ የሚዞረው በሱፐርቻርጀሩ በኩል ስለሆነ አንዱን ለማየት ሌላውን መፍታት ግድ ይላል። ኮፈኑ ላይ ያለው ቀዳዳ የእውነት ነው፣ ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚያቀዘቅዘው ክፍል ሥሩ ተቀምጧል። የቱርቦው ቀዳዳ ለመልክ ብቻ ነው፣ ይሄን ሳውቅ ትንሽ ቅር አለኝ።

አዳማ ወይም ሸዋ ሮቢት ብኖር የድሮውን ነበር የምወስደው። መሪው ይናገራል፣ እግርህን ይሰማል፣ ሞተሩም ለመንደር መካኒክ ይቀላል። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነውና ቱርቦውን ገዛሁ። ዘይቱን ነዳጅ በቀዳሁ ቁጥር አያለሁ፣ ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስም አልጫነውም።

የአክስቴ ልጅ ግን አልተዋጠለትም። 15 በመቶ የሚያንስ ፑሊ፣ ማለትም ቺንጊያው ሱፐርቻርጀሩን የሚያዞርበትን ጎማ መሰል ክፍል፣ ከውጭ አዟል፤ ፑሊው ሲያንስ ሱፐርቻርጀሩ ይፈጥናል፣ የጠፋውም ግፊት በከፊል ይመለሳል። ስልክ ደውሎ «ጣርማበር ላይ እንገናኛለን» ይለኛል። አስልቼ ነገርኩት፤ በግምት 150 ኪሎፓስካል ቢደርስ ነው፣ ያውም አየሩ ካልጋለበት። «አንተ አስላ፣ እኔ እነዳለሁ» ብሎ ስልኩን ዘጋው።