መግቢያ ሳይኮሎጂን ሁለት ጊዜ ተማርኩት

የመጀመሪያው ሚድተርም ውጤቴ ከ30 11 ነበር። ያስደነገጠኝ ቁጥሩ ብቻ አይደለም። ፈተናውን ስሠራ ጥያቄዎቹ በሙሉ የማውቃቸው ይመስሉኝ ነበር። ደስ ብሎኝ ነው ከክፍል የወጣሁት።

ሳላጠና ቀርቼም አይደለም። ሃንድአውቱን ከዳር እስከ ዳር አራት ጊዜ አንብቤዋለሁ። በማርከር ያላቀለምኩት ገጽ አልነበረም። ስምና ዓመተ ምሕረት እንደ ማባዣ ሰንጠረዥ ሸምድጃለሁ። ቩንት፣ ላይፕዚግ፣ 1879፣ የመጀመሪያው የሳይኮሎጂ ላብራቶሪ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ፓቭሎቭ፣ ውሻ፣ ምራቅ። ስኪነር፣ አይጥ፣ ሳጥን። ፈተናው ግን ስም አልጠየቀኝም። አንድ ሁኔታ ይተርክና «ይህ የትኛው ነው?» ይላል።

ከሳትኳቸው ጥያቄዎች አንዱ ዛሬም ከአእምሮዬ አልወጣም። ሕፃን ሌሊት ያለቅሳል። አባትየው ተነስቶ ያቅፈዋል። ልቅሶው ይቆማል። ከዚያ ወዲህ አባትየው ልጁ ገና መነጫነጭ ሲጀምር ብድግ ይላል። የአባትየውን ልማድ ያጠነከረው ምንድነው? እኔ «ቅጣት» ብዬ መለስኩ። ልቅሶ የሚረብሽ ነገር ነው፣ ስለዚህ ቅጣት ነው ብዬ አሰብኩ። መልሱ አሉታዊ ማጠናከሪያ ነበር።

ያሳሳተኝ ስሙ ነው። «አሉታዊ» ሲባል ክፉ ነገር ይመስላል። እዚህ ግን የመደመርና የመቀነስ ምልክት ነው እንጂ የጥሩና የመጥፎ አይደለም። በእኔ እጅ ቢሆን «በማንሳት ማጠናከር» ብዬ እተረጉመው ነበር። ብዙ ተማሪ ከዚህ ስህተት ይድናል ብዬ አምናለሁ። በኋላ ሁለት ጥያቄ ብቻ መጠየቅ ለመድኩ። አንደኛ፣ ከድርጊቱ ቀጥሎ የሆነ ነገር ተጨመረ ወይስ ተነሳ? ሁለተኛ፣ ድርጊቱ ከዚያ በኋላ በዛ ወይስ ቀነሰ? ከበዛ ማጠናከሪያ ነው፤ ከቀነሰ ቅጣት ነው። በአባትየው በኩል ልቅሶ ተነሳ፣ ማቀፉም በዛ። ደስ የሚለው ደግሞ እዚያው ታሪክ ውስጥ ሕፃኑም እየተማረ መሆኑ ነው። በእሱ በኩል እቅፍ ተጨመረ፣ ስለዚህ ማልቀሱ ሊጠነክር ይችላል። አንዱ ሌላውን እያስተማረ ነው፤ ሁለቱም አያውቁትም።

ከሚድተርሙ ቀጥሎ የመጣው ምዕራፍ ስለ ትውስታ ነበር። አጋጣሚው ጠቀመኝ። ሄርማን ኤቢንግሃውስ የሚባል ጀርመናዊ በ1885 ባሳተመው ሥራው ሙከራ የሠራው በራሱ ላይ ነው። ትርጉም የሌላቸውን ክፍለ ቃላት በዝርዝር ይሸመድዳል። ከዚያ የተለያየ ጊዜ ይጠብቅና እንደገና ለመሸምደድ ምን ያህል ድካም እንደቀነሰለት ይለካል። ያገኘው ነገር፣ መርሳት በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በጣም ፈጣን ነው፤ ከዚያ እየቀዘቀዘ ይሄዳል። ማታ አንብቤ ጠዋት ባዶ የምሆነው እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ ያን ጊዜ ገባኝ።

ቆም ያደረገኝ ግን ሮዲገርና ካርፒክ የሚባሉ ተመራማሪዎች በ2006 ያወጡት ጥናት ነው። ተማሪዎች አጭር ጽሑፍ አነበቡ። ከፊሉን ጽሑፍ ደግመው አነበቡ። ከፊሉን ደግሞ ጽሑፉን ሳያዩ የሚያስታውሱትን ጻፉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ መልሶ ማንበብ በለጠ፤ 81 በመቶ ለ75። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ደግመው ያነበቡትን 42 በመቶ፣ ራሳቸውን የፈተኑበትን 56 በመቶ አስታወሱ። በዚያው ጥናት ሁለተኛ ሙከራ ላይ ደጋግመው ያነበቡት ተማሪዎች ከሌሎቹ ይልቅ «በደንብ እናስታውሰዋለን» ብለው ይተማመኑ ነበር። ይህን ሳነብ ከፈተናው ፈገግ ብዬ ስወጣ ታወሰኝ። እኔ ያየሁትን ገጽ መለየት ችዬ ነበር። መለየትና ከራስ አውጥቶ መናገር ደግሞ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ስለዚህ አጠናኔን ቀየርኩ። አንድ ክፍል አንድ ጊዜ በጥሞና አነባለሁ። ሃንድአውቱን እዘጋለሁ። ባዶ ወረቀት አወጣለሁ። የማስታውሰውን ሁሉ እጽፋለሁ። የመጀመሪያ ቀን አንድ ሰዓት ካነበብኩት አምስት መስመር ነው የወጣኝ። በጣም ከፋኝ። ማርከሬን ይዤ ወደ ድሮዬ ልመለስ ስል ያ 42 እና 56 ያዘኝ። የጎደለውን በሌላ ቀለም ሞላሁ። ከሁለት ቀን በኋላ እንደገና በባዶ ወረቀት፣ ከሳምንት በኋላ እንደገና። በሦስተኛው ዙር ወረቀቱ ሞላ።

ሁለተኛው ለውጥ ትርጉም መጻፍ ማቆሜ ነው። ካርዶቼ ላይ ከራሴ ሕይወት የወሰድኩትን ምሳሌ ብቻ መጻፍ ጀመርኩ። ለክላሲካል ኮንዲሽኒንግ (አንድ ነገር ከሌላው ጋር ሲደጋገም የሚፈጠር ምላሽ) የጻፍኩት የስልኬን ጥሪ ነው። የቅርብ ዘመዴ ታሞ በነበረበት ጊዜ ሌሊት ሌሊት ይደወልልኝ ነበር። ዜናው ብዙ ጊዜ መጥፎ ነው። ከዚያ በኋላ ያቺው የጥሪ ድምፅ በሰላም ቀን፣ በሰው ስልክ ላይ እንኳ ስትሰማ ልቤ ድው ድው ይላል። ድምፁ ራሱ ምንም አላደረገኝም። ከመጥፎ ዜና ጋር ስለተደጋገመ ነው። የፓቭሎቭ ውሻ ምግብ ከመምጣቱ በፊት ምራቁን እንደሚያዝረበርበው የእኔም ልብ ዜናው ሳይመጣ ይደነግጣል። ይህን ሳስተውል ምዕራፉ በሙሉ ሕይወት ዘራ። ዘመዴ ከዳነ በኋላ ያ ጥሪ ለሳምንታት ተራ ወሬ ብቻ ይዞ መጣ፣ ድንጋጤውም እየቀነሰ ሄደ። ይህ መክሰም ይባላል። አንድ ቀን ግን ከረጅም ጊዜ በኋላ ሰማሁትና ልቤ እንደገና ዘለለ። ለዚህም ስም አለው፤ ድንገተኛ ማገርሸት።

እዚያው ካርድ ጀርባ ላይ ሌላ ነገር ጨመርኩ። በዚያ ሰሞን ስልኬን ድምፅ አልባ ማድረግ ለምጄ ነበር። ድምፁን ሳጠፋው እፎይ እላለሁ። እፎይታው ልማዱን ያጠናክረዋል። ይህ ደግሞ ኦፐራንት ኮንዲሽኒንግ (ከድርጊት ውጤት መማር) ነው። ድንጋጤውን ያመጣው አንዱ፣ ሽሽቱን ያቆየው ሌላው። ሁለቱን ለመለየት የምጠይቀው እንዲህ ነው፦ ምላሹ ሳልፈልገው በራሱ የመጣ ነው ወይስ ውጤቱን አይቼ የማደርገው ነው?

ከሁሉም በላይ የነካኝ ኤች.ኤም. የሚባለው ታካሚ ታሪክ ነው። ሙሉ ስሙ ሄንሪ ሞላይሰን መሆኑ በይፋ የተነገረው በ2008 ከሞተ በኋላ ነው። በ1953፣ በ27 ዓመቱ፣ ከባድ የሚጥል በሽታውን ለማስታገስ አንጎሉ ላይ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ከሁለቱም በኩል ሂፖካምፐስ ከሚባለው ክፍል ትልቅ ድርሻ ወጣ። ከዚያ በኋላ አዲስ ገጠመኝ ማስታወስ አልቻለም። ያገኘውን ሰው ትንሽ ቆይቶ እንደ እንግዳ ያየዋል። ተመራማሪዋ ብሬንዳ ሚልነር ግን አንድ ሥራ ሰጠችው። እጁን በመስታወት ውስጥ ብቻ እያየ የኮከብ ቅርጽ በእርሳስ መከተል። ሲጀምሩት በጣም ያስቸግራል። ከቀን ወደ ቀን እየተሻሻለ ሄደ። በየቀኑ ግን ሥራውን ከዚህ በፊት እንደሠራው አያስታውስም ነበር። እጁ ያውቃል፣ እሱ አያውቅም። ይህን ሳነብ እንባዬ መጣ። የእውነታና የገጠመኝ ትውስታ ከክህሎት ትውስታ እንደሚለይ ከዚያ በኋላ መሸምደድ አላስፈለገኝም። አንድ ሰው በሕይወቱ ዋጋ ከፍሎ ያሳየን ነገር ነው።

የሳይኮሎጂ ጎራዎችንም ለረጅም ጊዜ እንደ ዝርዝር ነው የያዝኳቸው። ስህተቴ እዚያ ላይ ነበር። ጎራዎቹ እርስ በርስ የሚከራከሩ ሰዎች ናቸው። ቩንት የሠለጠኑ ሰዎች ወደ ውስጣቸው ተመልክተው የሚሰማቸውን እንዲናገሩ አደረገ። ዋትሰን በ1913 ተነስቶ «ሌላ ሰው ሊያየው የማይችለው ነገር ሳይንስ አይሆንም፤ ባህርይን እናጥና» አለ። ቶልማን ደግሞ በአይጦች ላይ ሠርቶ፣ አይጧ ሽልማት ሳይሰጣትም የመንገዱን ካርታ በጭንቅላቷ እንደምትይዝ አሳየ። ስለዚህ ውስጡን ችላ ማለት አይቻልም። ማዝሎና ሮጀርስ በበኩላቸው ሰውን እንደ ፍሮይድ የተደበቀ ፍላጎት ባሪያም፣ የሽልማት ባሪያም ማድረግ አልተመቻቸውም። አንዱን ቲዎሪ ሳጠና «ይህ ለማን መልስ ነው?» ብዬ መጠየቅ ከጀመርኩ ወዲህ ቅደም ተከተሉ በራሱ ይመጣልኛል።

ከሚልግራም ሙከራ የተማርኩት ከሁሉም ጠቃሚ ነው። መጀመሪያ ያወቅኩት አንድ ቁጥር ብቻ ነበር። ሌላ ሰው በኤሌክትሪክ እንዲነዝሩ ከታዘዙ 40 ሰዎች 26ቱ ባለሙያው ስላዘዛቸው ብቻ እስከ 450 ቮልት ድረስ ሄዱ። (የኤሌክትሪክ ንዝረቱ እውነተኛ አልነበረም፤ እነሱ ግን አላወቁም።) «ሰው ክፉ ነው» ብዬ ዘጋሁት። ቀጥሎ ያሉትን ሙከራዎች አላነበብኳቸውም ነበር። ተጎጂ መስሎ የሚተውነው ሰው እዚያው ክፍል ሲቀመጥ እስከ መጨረሻ የሄዱት ወደ 40 በመቶ ወረዱ። ሌሎች ሁለት ሰዎች «አንሠራም» ብለው ሲነሱ ደግሞ 10 በመቶ ብቻ። ሰዎቹ ያው ተመሳሳይ ዓይነት ሰዎች ናቸው፤ የተለወጠው ሁኔታው ነው። የሌላውን ሰው ድርጊት ሁልጊዜ በጠባዩ ማሳበብ መሠረታዊ የማሳበብ ስህተት ተብሎ በኮርሱ ውስጥ ተጽፏል። እኔ ስሙን አውቀው ነበር፤ ራሴ እያደረግኩት እንደሆነ ግን አላየሁም። መልእክቴን ያልመለሰውን ጓደኛዬን «ኩራተኛ» እለዋለሁ፣ እኔ ሳልመልስ ስቀር ግን «ሥራ በዝቶብኝ» ነው።

ያጠፋሁትን አንድ ነገርም ልናገር። የአእምሮ ሕመም ምዕራፍ ላይ ስደርስ በዙሪያዬ ያለውን ሰው ሁሉ መመርመር ጀመርኩ። አንዷን ጓደኛዬን «አንቺ እኮ ድብርት አለብሽ» አልኳት። ዝም አለች፤ ለቀናት አላናገረችኝም። ድብርት ለመባል ምልክቶቹ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት መቆየት፣ የሰውየውን ኑሮም ማወክ እንዳለባቸው እዚያው ገጽ ላይ ተጽፎ ነበር። አላነበብኩትም ማለት ይሻላል። ይቅርታ ጠየቅኳት። የመግቢያ ኮርስ ሰውን ለመረዳት ይረዳል፤ ለመመርመር ግን ፈቃድ አይሰጥም።

በመጨረሻ ከባድ የሆነብኝ ነገር አለ። በ2015 የታተመ አንድ ትልቅ የጋራ ሥራ 100 የሳይኮሎጂ ጥናቶችን እንደገና ሞከረ። በስታቲስቲክስ መለኪያ ውጤታቸው እንደገና የታየው 36 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። ሳነበው ተከፋሁ። የደከምኩበት ሁሉ ውሸት ነው ወይ አልኩ። አይደለም። ኮንዲሽኒንግና ራስን የመፈተን ጥቅም ደጋግመው ተፈትነው የቆሙ ናቸው። ተማሪዎች እስረኛና ጠባቂ ሆነው የተጫወቱበት የ1971ዱ የስታንፎርድ እስር ቤት ሙከራ ግን ብዙ ትችት አለበት። ማዝሎ በ1943 ባወጣው ጽሑፍ ውስጥም ያ የታወቀው የሰው ፍላጎቶች ፒራሚድ የለም፤ ሥዕሉን ሌሎች ናቸው ያመጡት። ስለዚህ ካርዶቼ ጥግ ላይ ትንሽ ምልክት ማድረግ ጀመርኩ። አንዱ ለጸናው፣ አንዱ ለሚያከራክረው። ኮርሱን የወደድኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ፋይናሉ ላይ ከ50 44 አገኘሁ። ከፈተናው በፊት በነበረው ምሽት ካርዶቼን ስገለብጥ አባትየውና ሕፃኑ ጋ ደረስኩ። ባዶ ወረቀት ፊት ስቀመጥ ሁልጊዜ ጭንቀት ይሰማኛል። ወረቀቱን ትቼ ሃንድአውቱን ስከፍት ጭንቀቱ ወዲያው ይለቀኛል። የሆነ ነገር ተነሳ፣ ድርጊቱም በዛ። አራት ጊዜ ያነበብኩት ለዚህ ነው። አባትየውን ሰረዝኩና ካርዱ ላይ ይህንን ጻፍኩ።