ያልተዘጋ ዓመት

ነገሩን የጀመረችው የሥራ ባልደረባዬ ናት። ሙስሊም ናት፤ ጠረጴዛችን ትይዩ ነው። አንድ ቀን ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ቀን መቁጠሪያ እያየች «የእኛ ረመዳን በጨረቃ ነው የሚዞረው። የእናንተ ፋሲካስ በምንድን ነው?» አለችኝ። ሰንበት ትምህርት ቤት ነው ያደግኩት፤ ዐቢይ ጾም አምልጦኝ አያውቅም። መልሴ ግን «እኔ እንጃ፣ ተጽፎ ነው የሚመጣው» ሆነ። እሷ ሳቀች። እኔ በራሴ ተናድጄ ወደ ቤቴ ገባሁ።

በዓመቱ፣ በ42 ዓመቴ፣ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ መንፈሳዊ ኮሌጅ የነገረ መለኮት የማታ ተማሪ ሆንኩ። የ12ኛ ክፍል ካርዴን ፍለጋ የእናቴን ሣጥን ገለበጥኩ፤ ከአጥቢያዬ የድጋፍ ደብዳቤ ለማውጣት ሦስት ቅዳሜ ተመላለስኩ። ለመመዝገብ የምታስቡ ካላችሁ ከሁሉ በፊት ደብዳቤውን ጀምሩ።

ክፍል ውስጥ ከጎኔ የሚቀመጡት አብዛኞቹ በአብነት ትምህርት ቤት ያለፉ ዲያቆናት ናቸው። «እትዬ» ይሉኛል። እኔ መምህሩ ያሉትን አንድ ሳላስቀር እጽፋለሁ፤ እነሱ እጃቸውን አጣጥፈው ይሰማሉ። እውነቱን ለመናገር ሰነፎች መስለውኝ ነበር። የመጀመሪያው የግእዝ ፈተና ሲመለስ እነሱ ኤ፣ እኔ ዲ። ደብተሬ ሙሉ ነው፣ አፌ ባዶ። አንዱ አዝኖልኝ «እትዬ፣ ግስ በደብተር አይያዝም፤ በአፍ ነው» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ወጥ እየሠራሁ ጮክ ብዬ ማጥናት ያዝኩ። ግስ የሚጀመረው «ቀተለ» ከሚለው ነው፤ ገደለ ማለት ነው። ሽንኩርት እየከተፍኩ «ቀተለ፣ ገደለ፤ ይቀትል፣ ይገድላል፤ ይቅትል፣ ይገድል ዘንድ፤ ይቅትል፣ ይግደል» ስል ልጄ በበሩ ብቅ ብላ «እማዬ፣ ማንን ነው?» አለችኝ። በሁለት ሳምንት ውስጥ እሷም ያዘችው፤ እንዲያውም ስሳሳት ታርመኝ ነበር።

ሌላው ጥፋቴ የኮርስ ብዛት ነው። ቶሎ ለመጨረስ ብዬ በሁለተኛው መንፈቅ አምስት ወሰድኩ። ፈተናው ደግሞ ሰኔ ላይ፣ መሥሪያ ቤት የዓመቱን ሒሳብ በምንዘጋበት ወር ዋለ። አንዱን ኮርስ ጣልኩ። አሁን ከሦስት በላይ አልወስድም።

በ2016፣ ሁለተኛ ዓመት ላይ፣ ባሕረ ሐሳብ፣ የበዓላትና የአጽዋማት ቀን የሚወጣበት ስሌት፣ ደረሰ። ቁጥር የእኔ ነው ብዬ ፊት ተቀመጥኩ። 5500 ላይ 2016 ሲደመር ዓመተ ዓለሙ፣ ማለትም ከፍጥረት ጀምሮ የሚቆጠረው ዘመን፣ 7516 ይሆናል፤ ለ19 ሲካፈል 11 ይተርፋል። ይቺን 11 ይዤ ሮጥኩ። በ11 አባዝቼ በ30 ገደፍኩ፣ ማለትም ሠላሳ ሠላሳውን ጥዬ ትርፉን ያዝኩ፤ ከፀሐይና ከጨረቃ ዓመት ልዩነት የሚወጣው ቁጥር፣ አበቅቴ፣ 1 ሆነ። በ19 አባዝቼ በ30 ገደፍኩ፣ የአበቅቴ ጓደኛ የሆነው ቁጥር፣ መጥቅዕ፣ 29። መጥቅዕ በዋለበት ዕለት የሚጨመረውን ቁጥር፣ ተውሳኩን፣ ጨምሬ ጾመ ነነዌን የካቲት 4፣ ፋሲካን ሚያዝያ 13 አዋልኩና ከሁሉ ቀድሜ እጄን አወጣሁ።

የኔታ ወረቀቴን አይተው ሳቁ። «ልጄ፣ ሕዝቡን በሁለት ሳምንት አስቀድመሽ አስፈሰክሽው እኮ። ሥራሽ ምንድን ነው?»

«ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ የኔታ።»

«ታዲያ ሰኔ ሳያልቅ የዓመቱን ሒሳብ ትዘጊያለሽ?»

ለካ የያዝነው ዓመት ገና ስላላለቀ ከተረፈው ላይ አንድ ይጎድላል! ወንበር የሚባለው 10 ነው። 10 በ11 ተባዝቶ 110፣ በ30 ሲገደፍ አበቅቴ 20። 10 በ19 ተባዝቶ 190፣ ሲገደፍ መጥቅዕ 10። መጥቅዕ ጥቅምት 10 ዋለ፤ ዕለቱ ቅዳሜ ነው፤ የቅዳሜ ተውሳክ 8 ነው፤ ሲደመር 18። ጾመ ነነዌ የካቲት 18፣ ከዚያ በ69ኛው ቀን፣ ሚያዝያ 27፣ ፋሲካ። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 መምጣት አለባቸው፤ እኔም ይህን አመሳክሬ ነበር። 1 እና 29ም እኮ 30 ነው! ሚዛኑ የገጠመ የተሳሳተ መዝገብ በሥራዬም ስንቴ አይቻለሁ።

ክረምቱ ሲገባ ካልኩሌተሬን ይዤ ከባልደረባዬ ፊት ተቀመጥኩ። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና «እና ይሄን ለማወቅ ነው ሁለት ዓመት ማታ ማታ የጠፋሽው?» አለች። ከዚያ የ2017ን እንድሠራላት ጠየቀችኝ። አዲሱ ቀን መቁጠሪያ ገና እጃችን አልገባም ነበር። ከትርፉ አንዱን አጉድዬ ሠራሁ፤ ጾመ ነነዌ የካቲት 3፣ ፋሲካ ሚያዝያ 12 ወጣ። እሷም በቢጫ ወረቀት ጽፋ ኮምፒውተሯ ላይ ለጠፈችው። መስከረም ላይ አዲሱ ቀን መቁጠሪያ ሲመጣ ከእጄ ነጥቃ መጀመሪያ የገለጠችው የካቲትን ነው።