ፊል ስንት ቤት ይደርሳል?

ዛሬ «ሰንጠረዥ» ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ የሚሄደው ወደ ሊጉ የደረጃ ሰንጠረዥ ነው። ቃሉ ግን ነገሥታቱና መኳንንቱ ይጫወቱት የነበረው የአገራችን ቼዝ ስም ነው። የቼዝ ሰዎች ዛሬ እንደ ልዩ ነገር ከሚያጠኗቸው ያልተለመዱ ጠጠሮች ሁለቱ፣ ፈርዝና ፊል፣ በዚሁ ጨዋታ ውስጥ ነበሩ። የስድስት ኪሎው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የመጀመሪያ ዳይሬክተር የነበሩት ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ስለዚሁ ጨዋታ ሰፊ ጥናት አሳትመዋል። እንግዳ ጠጠር መሞከር የሚፈልግ አዲስ አበቤ ከሩቅ ከመፈለግ ከእነዚህ ሁለቱ ቢጀምር ጥሩ ነው።

አሰላለፉ የታወቀው ነው። ጥጉ ላይ ደር (የዛሬው ሩክ)፣ ቀጥሎ ፈረስ፣ ቀጥሎ ፊል (በዛሬው ቢሾፕ ቦታ)፣ መሃል ላይ ንጉሥና ፈርዝ፣ ከፊት ስምንት መደቅ (የዛሬው ወታደር)። ሁለቱም ተጫዋቾች ንጉሣቸውን ከመሃል በስተቀኝ፣ ፈርዛቸውን በስተግራ ያቆማሉ። ስለዚህ ንጉሥ ፊት ለፊቱ የሚያየው የባላጋራውን ፈርዝ ነው። ደርና ፈረስ እንደ ዛሬው ይሄዳሉ። መደቅ አንድ ቤት ብቻ ይራመዳል፤ በመጀመሪያው እርምጃ ሁለት ቤት መዝለል የለም። ፈርዝ በንግሥት ቦታ ቢቆምም ኃይሉ የንግሥት አይደለም፤ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይሄዳል።

ሰው የሚሳሳተው ፊል ላይ ነው። ፊል በሰያፍ ልክ ሁለት ቤት ይዘላል፤ አንድም ሦስትም የለም። መሃል ላይ ጠጠር ቢኖርም ባይኖርም ግድ የለውም፤ የዘለለውንም አይበላም። አሁን ሰሌዳ ዘርጉና ሲ1 ላይ ያለውን ፊል ተከተሉት (ፊደሉ ከግራ ወደ ቀኝ ከኤ እስከ ኤች ያለውን ዓምድ፣ ቁጥሩ ከታች ወደ ላይ ያለውን ረድፍ ያሳያል)። ወደ ኤ3 ወይም ወደ ኢ3 ይዘላል። ከኢ3 ጂ1፣ ጂ5 እና ሲ5 ይገኛሉ። ከእነዚያ ደግሞ ኤ7 እና ኢ7። በቃ፣ አለቀ። ከ64ቱ ቤት ዕድሜ ልኩን የሚረግጠው 8 ቤት ብቻ ነው። የኤፍ1 ፊል ሌላ 8 አለው፤ የባላጋራው ሁለት ፊሎችም እያንዳንዳቸው የራሳቸው 8። አንዱ የሌላውን ቤት ስለማይነካ ፊል ፊልን ሊበላ አይችልም። ቀሪዎቹን 32 ቤቶች አንድም ፊል አይደርስባቸውም፤ ንጉሥ ከፊል መሸሸጊያ ሲፈልግ እዚያ ይቁም።

ይህን በጥንቱ ሰሌዳ ላይ ማየት ደግሞ የበለጠ ከባድ ነው። ሰሌዳው ቀይ ጨርቅ ሆኖ ጥቁር ወይም ሰማያዊ መስመር የተሰመረበት ስለነበር ነጭና ጥቁር ቤት የለውም። ዓይን ሰያፉን በቀለም ለመከተል ለምዷልና ይጠፋበታል። መፍትሔው መቁጠር ነው፦ ሁለት ወደ ፊት፣ ሁለት ወደ ጎን።

ጨዋታው የሚከፈተው በወረራ ነው። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ የሚባል ነገር የለም፤ ሁለቱም ባንድ ጊዜ፣ እንደየፍጥነታቸው፣ የባላጋራቸውን አሰላለፍ እያዩ ያንቀሳቅሳሉ። እዚህ ላይ ጀማሪ የሚሸነፈው እጁን እያየ ስለሚጫወት ነው። ዓይን ከባላጋራው ጠጠር ላይ መነሣት የለበትም። የበላ ሰው ጮክ ብሎ «በላሁ!» ቢል ከዚያ በኋላ የሚነሣው ጭቅጭቅ ይቀራል።

አጨራረሱም ወግ አለው። በደር ወይም በፈረስ ማት ማድረግ (ንጉሡን መውጫ አሳጥቶ ማሸነፍ) ብዙም አያስመሰግንም፤ በፈርዝ፣ በፊልና በመደቅ ተባብሮ ማት ማድረግ ነው የሚወደሰው። ጠጠሩ ሁሉ ተበልቶበት ብቻውን የቀረ ንጉሥ ደግሞ ማት አይደረግም። የባላጋራን ጠጠር አንድ በአንድ ጠራርጎ የሚበላ የዛሬ ቼዝ ተጫዋች ያሸነፈውን ጨዋታ በገዛ እጁ ያበላሻል።

ከዚህ ቀጥሎ ፌንጣን ሞክሩ። እንግሊዛዊው ቶማስ ዶውሰን እ.ኤ.አ. በ1913 የፈጠረው ጠጠር ነው። እንደ ንግሥት ቀጥታና ሰያፍ መስመር ይከተላል፤ ነገር ግን የሚዘለው ጠጠር ከሌለ አይንቀሳቀስም። የራስም ሆነ የባላጋራ ጠጠር ዘሎ ወዲያው ከኋላው ባለው ቤት ያርፋል። ፌንጣ ኤ1 ላይ፣ ጠጠር ኤ5 ላይ ካለና መሃሉ ባዶ ከሆነ የሚያርፈው ኤ6 ላይ ነው፤ ኤ7 አይሆንም። ማረፊያው ላይ የባላጋራ ጠጠር ካለ ይበላዋል፤ የራስ ከሆነ መንገዱ ዝግ ነው።

ከፒያሳ እስከ ለገሃር በየጥጉ በቆርኪ ዳማ የሚጫወት ሰው ሁሉ እዚህ ላይ አንድ ስሕተት ይሠራል፦ የተዘለለውን ጠጠር ያነሣል። በዳማ የተዘለለ ይበላል፤ በፌንጣ የተዘለለው ባለበት ይቆያል። ያው ቆርኪ ግን ጥሩ ፌንጣ ይወጣዋል፦ አንዱ ወገን በፊቱ፣ ሌላው ገልብጦ። የቆርኪ ስፋት ወደ 32 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በትናንሾቹ ባለማግኔት ሰሌዳዎች ላይ አይገባም። 36 ሳንቲ ሜትር ካሬ ካርቶን ላይ ዙሪያውን 2 ሳንቲ ሜትር ትታችሁ እያንዳንዳቸው 4 በ4 ሳንቲ ሜትር የሆኑ 64 ቤቶች አስምሩ። ሩኮቹን አንሥታችሁ በየወገኑ ሁለት ሁለት ፌንጣ ተኩባቸው። የኤ1 ፌንጣ ከመጀመሪያው ተራ ጀምሮ ወታደሮቹን ዘሎ ኤ3 ወይም ሲ3 መውጣት ይችላል። ሰሌዳው ሲሳሳ ግን የሚዘለው ያጣና ቆሞ ይቀራል፤ ስለዚህ ጠጠር በሞላበት ጊዜ ለውጡት።

የዶውሰንን ሌላ ጠጠር፣ እ.ኤ.አ. በ1925 የፈጠረውን፣ ጋላቢ ፈረስ ልንለው እንችላለን። የፈረስን እርምጃ በአንድ አቅጣጫ ይደጋግማል፦ ከቢ1 ሲ3፣ ዲ5፣ ኢ7። የሚረግጣቸው ቤቶች ባዶ መሆን አለባቸው፤ መታጠፍም የለም። በተራው ፈረስ ቦታ ካቆማችሁት ገና በመጀመሪያው ተራ የኢ7ን ወታደር መብላት ይችላል። አትብሉ፤ ወዲያው ይበላባችኋል፣ ዋጋውም ከወታደር እጅግ ይበልጣል።

የዓለም ቼዝ ሻምፒዮን የነበረው ኩባዊው ካፓብላንካ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በ10 በ8 ሰሌዳ ላይ ካስገባቸው ሁለት ጠጠሮች አንዱ ቢሾፕና ፈረስን በአንድ አካል የያዘ ነው። ለመሥራት ቢሾፕ አንገት ላይ የብር ላስቲክ ማሰር ይበቃል። ቢሾፕ ብቻውን የሰሌዳውን ግማሽ አያይም፤ ፈረሱ ያንን ይሞላለታል። ንጉሥ ኤ1 ላይ ተጠግቶ ሳለ ይህን ጠጠር ሲ3 ላይ አቁሙት። በሰያፍ ቼክ ይላል፣ ቢ2ንም በዚያው ይዘጋል፤ ኤ2ን እና ቢ1ን በፈረስ እርምጃው ይይዛል። የራሱ ንጉሥ ሰሌዳው ሌላኛው ጫፍ ላይ ቢሆንም ማት ነው።